ከሥራ ገበታችሁ ሳትለዩ የሕዝብ ፖሊሲ ለምትማሩ

ውድ ወጣቶች፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቂት ዓመታት ሠርታችሁ የሁለተኛ ዲግሪ ነገር ማሰብ ስትጀምሩ ብዙዎቻችሁ የምታነሡልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ የሕዝብ ፖሊሲንና ሥራ አመራርን በርቀት መማር ቁም ነገር አለው ወይስ ለደረጃ ዕድገት የሚቀርብ ወረቀት ብቻ ነው? የሥራ ዘመኔን በዕቅድና በጀት ክፍል ያሳለፍሁ፣ ይህንኑ ትምህርትም በርቀት የተከታተልሁ እንደመሆኔ የማምንበትን ልጻፍላችሁ። በዚህ የትምህርት ዘርፍ ከሥራው ያልተለየ የርቀት ተማሪ ግቢ ገብቶ ከሚማረው የተሻለ ዕድል አለው። ዕድሉን የሚያጣው ቢሮውን ለብቻ፣ ሞጁሉን ለብቻ አድርጎ የያዘ እንደሆነ ነው።

በርቀት መማር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በየሀገሩ ሆነው ለሚያጠኑ ሰዎች በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1858 ነበር፤ በሥሩ ያለው ሶአስ የተባለው ኮሌጅም የሕዝብ ፖሊሲና ማኔጅመንት ማስተርስ በርቀት ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቷል፤ የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ክፍት ዩኒቨርሲቲም ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕዝብ አስተዳደርን ጨምሮ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለብዙ የመንግሥት ሠራተኞች አዳርሷል። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት በጥራት ጉድለት ምክንያት የርቀት ትምህርትን ለጊዜው አግዶ እንደነበር ታላላቆቻችሁ አይረሱትም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የተቋሙን ስም ብቻ ሳይሆን ያ ፕሮግራም በርቀት እንዲሰጥ የተፈቀደ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ፤ የውጭ ሀገር ከሆነም የአቻ ግምት ጉዳይን፣ ማለትም ዲግሪው እዚህ ከሀገር ውስጡ እኩል ይቆጠር እንደሆነ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ተመርቆ ከሰው ሀብት ክፍል ጋር ከመጨቃጨቅ ይህ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፖሊሲ ትምህርት ስትጀምሩ መጀመሪያ የምታገኙት የፖሊሲ ዑደት የሚባለውን ነው፦ ችግሩ ይለያል፣ አማራጭ ይቀርባል፣ ውሳኔ ይሰጣል፣ ይፈጸማል፣ ይገመገማል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውሰዱና ከዚህ ዑደት ጋር አስተያዩት። በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ይመደባሉ፤ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ነበሩ፤ 16 የጤና ፓኬጆችን ቤት ለቤት እንዲያደርሱ ታስቦ ነበር። ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ምጣኔ እስከ ወባ መከላከል ያለው ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ዘመቻ አለ፣ ከወረዳ የሚመጣ እንግዳ አለ፣ የሚሞላ ቅጽ አለ። ሁሉንም በእኩል መሥራት ስለማይቻል እያንዳንዷ ባለሙያ ዛሬ የትኛውን ቤት እንደምትጎበኝና የትኛውን እንደምታሳድር በየማለዳው ትወስናለች።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ ያደረገው ሐሳብ በትክክል ይህን የሚመለከት ነው፤ ሕዝቡ በተግባር የሚያገኘው ፖሊሲ ከላይ የተጻፈው ሳይሆን ፊት ለፊት የሚያስተናግደው ሠራተኛ ጊዜና አቅም አጥሮት በየዕለቱ የሚወስናቸው ጥቃቅን ውሳኔዎች ድምር ነው ይላል። ይህን በክፍል ውስጥ የሰማ ተማሪ ለፈተና ይሸመድደዋል። እናንተ ግን በማግሥቱ መስኮት ላይ ቁጭ ብላችሁ «ነገ ይመለሱ» የምትሉት ባለጉዳይ ማን እንደሆነ፣ ሳይሰለፍ የሚስተናገደውስ ማን እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አንብባችሁ ስታበቁ የራሳችሁን ክፍል ለአንድ ሳምንት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ያያችሁትን በማስታወሻ ያዙ፤ አሳይመንታችሁን ከዚያ ጻፉ።

የሕዝብ ሥራ አመራሩም ክፍል እንዲሁ ነው። መንግሥት ከግሉ ዘርፍ አሠራር ይማር የሚለው አዲሱ የሕዝብ ሥራ አመራር አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእንግሊዝና በኒውዚላንድ ገንኖ ወጥቶ ወደ እኛ ቢሮዎች ቢፒአር (መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ) እና ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) ሆኖ እንደገባ ስታነቡ፣ በየሩብ ዓመቱ የምትሞሉት የውጤት ተኮር ቅጽ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። የቅጹ ሐሳብ መጥፎ አይደለም ባይ ነኝ። ችግሩ የሚለካውን መርጠን የሚጠቅመውን ስንተው ነው፤ «የተሰጠ ሥልጠና ብዛት» መቶ በመቶ ተሳክቶ የሠለጠነው ሰው ሥራ እንደነበረ የሚቀጥልበትን ሪፖርት ስንት ጊዜ አይተናል!

በጀቱንም አትዝለሉት፤ ቁጥር ስለሚያስፈራ ብዙ ተማሪ ይሸሸዋል። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ሰኔ ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ የግዥ ጥያቄ የሚጎርፈው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልታሰበ ወንበርና ቶነር በአንድ ሳምንት የሚገዛው ሠራተኛው ስለከፋ አይደለም፤ የዘንድሮው ካላለቀ የከርሞው ይቀነሳል የሚል ሥጋት ስላለ ነው። ኸርበርት ሳይመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰው፣ ውሳኔ ሰጪ ባለው መረጃና ጊዜ ልክ ይበቃል ያለውን እንጂ ፍጹም የሆነውን አይመርጥም ያለው እንዲህ ያለውን ባሕርይ ለመረዳት ይረዳል።

ስለ አጠናን ዘዴ ብዙ አልልም። ሞጁሉን መብራትና ኔትወርክ ባለበት ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡ። በአንድ ሴሚስተር ብዙ ኮርስ አትመዝገቡ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ቶሎ ልጨርስ ያለ ሁሉንም ሲደግም አይቻለሁ። ከቻላችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አጥኑ፤ በተለይ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው አይጥፋ። ለቤተሰቦቻችሁም ቅዳሜ ከሰዓትን እንደማትገኙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለቅሶና ሠርግ ግን አይቀርም፤ እሱንም አስባችሁ አቅዱ።

በገንዘብ ስለሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ በግልጽ መናገር አለብኝ። ማስታወቂያው በየመብራት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ፣ በቴሌግራም ሲዘዋወር ታያላችሁ። ሌላው ሙያ ይቅርና በመንግሥት ገንዘብና በሕዝብ ጉዳይ ላይ ለመወሰን የሚያበቃ ዲግሪ በሰው እጅ አጽፎ መያዝ ራሱ ትምህርቱ የሚያወግዘው ሙስና ነው። ከዚያም በላይ ሞኝነት ነው፤ በርቀት ትምህርት ውስጥ ከአማካሪ ጋር ለብቻ ቁጭ ብሎ ለመሥራት ዕድል የሚገኘው በዚያች ጽሑፍ ነውና።

ርዕስ ስትመርጡ «በኢትዮጵያ የመልካም አስተዳደር ተግዳሮቶች» ከሚል ሰፊ ነገር ራቁ። የአንድ ወረዳ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ከማመልከቻ እስከ ርክክብ በስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍና የቱ ላይ እንደሚቆም የሚያሳይ ጽሑፍ ለአገልግሎቱም ለእናንተም ይጠቅማል። መረጃው በመዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ስላለ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ፣ የበላይ ኃላፊውን አስፈርማችሁ ግቡ፤ የባለጉዳይን ስም ግን ከጽሑፋችሁ አውጡ። ከበጀት ጋር የተያያዘ ርዕስ ከያዛችሁ ደግሞ ደብዳቤውን እስከ ጥር አስገቡ፤ ከግንቦት ጀምሮ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ቀና ብሎ የሚያናግራችሁ ሰው አታገኙም።