የድሮ ተውኔት በዛሬ መድረክ፣ የጎደለውም መዝገብ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ እመራለሁ። ቅኔ አዘል በሆነ ግጥም የተጻፈ የድሮ ተውኔት ልናሳይ ይዘናል፤ ተማሪዎቹ ግን ግማሹ አልገባንም አሉ። በዛሬ አማርኛ ልጻፈው?

መልስ፦ አይጻፉት። ቃሉ ሲለወጥ ቤት መምቻው ይፈርሳል፤ ሰሙንና ወርቁን፣ ማለትም ላይኛውንና ስውሩን ፍቺ፣ የተሸከመው ኅብረ ቃልም አብሮ ይጠፋል። የሚለወጠው ልምምዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሁሉም ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያንብብ። የሚባዛው ወረቀት ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ በግራ ዋናው ቃል፣ በመካከል ፍቺው፣ በቀኝ የመድረክ እንቅስቃሴው። በየአምስት ስንኙ ቁጥር ይጻፉ፤ አለዚያ የልምምዱ ግማሽ ‹‹የት ጋ ነን?›› በመባባል ያልቃል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በጥብቀት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ‹‹ገና›› ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ‹‹አለ›› ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ አልጠፋም ማለት ነው። ቅኔ የተማረ ደራሲ ሆን ብሎ እዚህ ላይ ይጫወታል። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ፤ ሁለቱም የሚያስኬዱ ከሆነ ቃሉን ያክብቡትና ተዋናዩ ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ይውሰድ። ለዚህ የቅኔ መምህር ይጋብዙ። በጎጃም ምድር ሆኖ ይህን መተው የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ነው።

‹‹አንቱ››ን ወደ ‹‹እርስዎ›› አይለውጡ። አንቱ ሲባል የቆየ ሰው ድንገት አንተ ሲባል ጠቡ የሚጀመረው እዚያ ነው። ማሳጠር ግድ ከሆነ ሙሉ ትዕይንት ይውጣ እንጂ ስንኝ አይለቀም፤ አንዱ ሲወጣ ጓደኛው ቤት አልባ ይሆናል። መጋረጃ ከመከፈቱ በፊት አስተዋዋቂው በሁለት ደቂቃ አሥር ያህል የድሮ ቃላትን ይፍታ፤ ኅብረ ቃሉን ግን ለተመልካቹ ይተውለት። ማየት የተሳናቸው ተመልካቾች ካሉ ቀድመው ገብተው አልባሳቱንና መድረኩን ይዳስሱ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ጽሑፉ ሳምንት ቀድሞ ይድረሰው።

ጥያቄ፦ በደብረ ኤልያስ ስለ አገራችን ልጅ ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶች ትንሽ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀን ነው። በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ያገኘነው እጅግ ጥቂት ነው። ሌላው ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ ‹‹አልተገኘም›› እና ‹‹ጠፍቷል›› የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያ በፊደሉ ይጀምሩ። ዮፍታሔ፣ ዮፍታሄ፣ ዮፍታኄ፤ ንጉሤ፣ ንጉሴ፦ ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስድስቱንም ይሞክሩ። ማዕረጉ ከስሙ ቀድሞ ከተጻፈ ካርዱ ከ‹‹ዮ›› ሳይሆን ከ‹‹ቀ›› ሥር ይተኛል። ከዚያ በርእሰ ጉዳይ ይፈልጉ፦ ቴአትር፣ ቲያትር፣ ተያትር፣ ጨዋታ፣ ግጥም፣ መዝሙር። ‹‹ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ›› የሚለውን የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙር የደረሰ ሰው ሥራ በመዝሙር ሥር ቢመዘገብ አይገርምም።

እውነተኛው ክፍተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ደራሲው በስደት ሱዳን ነበሩ። የዚያ ዘመን ተውኔት ብዙ ጊዜ ታትሞ ሳይሆን በእጅ ተገልብጦ ስለሚዘዋወር፣ የያዘው ሰው ሲሰደድ ወይም ሲሞት ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል። ሌላው ጉድለት ከመጀመሪያውም ያልተጻፈው ነው። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ‹‹ብርሃንና ሰላም››ን፣ ከ1933 ወዲህ ‹‹አዲስ ዘመን››ን ሲያገላብጡ ይህን ልብ ይበሉ፦ ጋዜጣ ክቡራን እንግዶቹን ይዘረዝራል፣ የተዋናዮቹን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ስማቸው አልተጻፈም ማለት አልነበሩም ማለት አይደለም።

በዐውደ ርእዩ ላይ ከየርእሱ ጎን አንዱን ይጻፉ፦ ጽሑፉ በእጅ አለ፣ ስሙ ብቻ በሌላ ጽሑፍ ተጠቅሷል፣ በቃል ብቻ ተነግሯል። ላልተገኘው ባዶ ክፈፍ ይስቀሉ። የጎደለ ገቢርን (የተውኔት ክፍልን) በራስዎ ቃል ሞልተው ሳይናገሩ አይለፉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የእርስዎ ስንኝ የደራሲው ተብሎ ይጠቀሳል፣ ያኔ ማን ይመልሰዋል? ገጽ ዘሎ ካገኙም የግእዝ ቁጥሩን ደግመው ይመርምሩ፤ ፮ እና ፯ በገልባጭ እጅ በቀላሉ ይምታታሉ። አረጋውያንን ሲጠይቁ ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ፤ ‹‹ከጣልያን በፊት ነው በኋላ?›› ይበሉ፣ ያዩትንም ከሰሙት ለይተው ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ‹‹የአውሬዎች ኮሜዲያ›› የተባለው ተውኔት ዘመን አንድ ቦታ 1913፣ ሌላ ቦታ 1921 ይባላል። የቱ ነው ትክክል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። 1913 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በፈረንጆቹ 1920፣ ከዚያ በኋላ 1921 ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱ ‹‹1913››ን ያለ ዓ.ም. ጽፎ፣ ሌላው እንደ ፈረንጅ ሲያነበው ነው። እንዲህ ሲያጠራጥር ቁጥሩን በሌላ በታወቀ ነገር ያመሳክሩ። ይህ ተውኔት የታገደው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው፤ እሳቸው የነገሡት ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1913 ግን ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ገና ዐፄ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ። በመርሐ ግብራችሁ ላይ ‹‹በ1913 ዓ.ም. ገደማ›› ብላችሁ ጻፉ፤ ‹‹ዓ.ም.››ን እንዳትተዉ።