ሴሚኮንዳክተር “ግማሽ አስተላላፊ” ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እዚሁ ጅማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሴሚኮንዳክተርን (ሶላር የሚሰራበትን፣ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ በብረትና በማያስተላልፍ ነገር መሃል ያለውን እንደ ሲሊከን ያለ ቁስ) “ግማሽ አስተላላፊ” ብዬ ሳስረዳ አንዱ ተማሪ ተነስቶ “ቲቸር፣ ታዲያ የኛ ሶላር ግማሹ ብቻ ነው የሚሰራው?” ሲለኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። “ከፊል” ይሻላል? ዶፒንግና ሴንሰርስ ምን ይባሉ?

መልስ፦ ልጁ እኮ ልክ ነው እህቴ! ግማሽ ካልሽ ሰው የሚያስበው ልክና መጠን ነው፣ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ግማሽ መንገድ፣ ሁለት ቦታ ተቆርጦ አንዱ ማለት ነው። “ከፊል” ግን እንደሱ አይለካም፣ ሬዲዮ ላይ “ከፊል ደመናማ” ሲባል ሰማዩን ለሁለት ያካፈለው የለም መቼም። ስለዚህ ከሁለቱ ካልቀረ ከፊል ይሻላል፣ ግን እውነቱን ልንገርሽና እሱም ቢሆን ነገሩን አይገልጸውም። ምክንያቱም የሴሚኮንዳክተር ቁም ነገሩ ትንሽ ማስተላለፉ ሳይሆን ጠባዩ መለዋወጡ ነው። ብረት ሲሞቅ ማስተላለፉ ይቀንሳል አይደል፣ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ በ1833 ሲልቨር ሰልፋይድን ሲያሞቀው ግን ጭራሽ ባሰበት፣ ሲሞቅ የበለጠ አስተላለፈ። እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሬዲዮ የሚጠግነውን ልጅ ሄደሽ እይው፣ ከሴሚኮንዳክተር የተሰራችውን ትንሽ ዕቃ፣ ዳዮዱን፣ በቴስተር ሲነካው በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ ገልብጦ ሲነካው ዝም። ይሄ ምኑ ነው ግማሽ?

ዶፒንግ ላይ፣ ማለትም ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ሆን ብሎ ጥቂት ባዕድ አተም ማስገባቱ ላይ ነው እኔ የምጓጓው። ቃሉን እንዳለ ብትጠቀሚው ተማሪው የሚያስበው የተቀጣ ሯጭ ነው። አንዳንዱ “መቀየጥ” ይላል፣ ግን ቅይጥ ሲባል ነሐስ ነው የሚታየኝ፣ መዳብና ቆርቆሮ በደህና መጠን የገቡበት። እዚህ የሚገባው ግን ለሚሊዮን የሲሊከን አተም አንድ ፎስፈረስ ቢሆን ነው፣ በዛችው ግን ማስተላለፉ ከ1 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይጨምራል። እኔ “መቀመም” እላለሁ። ስኒ ቡና ላይ አንዲት ጤና አዳም ጣል ስታደርጊ ቡናው ያው ቡና ነው፣ ሽታውና ጣዕሙ ግን ሌላ ሆኗል፤ መድኃኒት ቀማሚም ከዚሁ ከቀመመ ነው የመጣው። “በፎስፈረስ የተቀመመ ሲሊከን” ብትያቸው የሚስቅ የለም፣ ቢስቅም ገብቶት ነው።

ሴንሰርን “ዳሳሽ” ማለት ደስ ይለኛል፣ በተለይ ለጋዙ። ቡታጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸው ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የጋለ ቲን ኦክሳይድ አለ፣ ጋዙ ላዩን ሲነካው ማስተላለፉ ይጨምራልና ያን አይቶ ነው የሚጮኸው፣ በመንካት ያውቃል ማለት ነው፣ ዳሰሳ ከዚህ በላይ ምን አለ። (ቲንን “ቆርቆሮ” ያላልኩት የቤት ክዳን እንዳይመስላቸው ነው፣ ቅድም ነሐስ ላይ ያመለጠችኝን እለፊልኝ!)

ሶላር የሚለውን ቃል ግን አትንኪው፣ እንዳለ ይቅር። በ1954 የአሜሪካው ቤተ ሙከራ ቤል ላብ ያሳየው የሲሊከን ሶላር ከፀሐዩ 6 በመቶ ገደማ ነበር ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከ20 በመቶ ያልፋል፣ እና ለዛ ተማሪሽ ይሄን ንገሪው፣ ግማሹም አይሰራም በይው። ፈተና ላይ “ከፊል አስተላላፊ” ብለሽ ጻፊ፣ ስታወሪ ሴሚኮንዳክተር በይ፣ ሄርማታ ሄደሽ “ከፊል አስተላላፊዬ ተቃጠለ” ብትዪ ግን ልጁ ሐኪም ቤት ነው የሚልክሽ።