መልስ፦ «ከወለድሽ በኋላ አትመለሺ» ተባልኩ

እህቴ፣ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ሆነሽ አለቃሽ «ከወለድሽ በኋላ አትመለሺ፣ መልቀቂያ ፈርሚ» ማለቱን ሳነብ የራሴው ነገር ትዝ አለኝ። እባክሽ እንዳትፈርሚ!

እኔንም ወረቀቱን አስተይበው፣ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀምጠው ነው የጠበቁኝ። ባዶው ቀኑ ብቻ ነበር። «ባለቤቴን ላማክር» ብዬ ወጣሁ። ያቺ ሰበብ ናት ያዳነችኝ። አንዴ ከፈረምሽ «በፈቃዷ ለቀቀች» ነው የሚሉሽ። ተገድጄ ነው ብሎ ማስረዳቱ ያንቺ ዕዳ ይሆናል።

የምትሠሪው በግል ድርጅት ከሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ሕጉ ሌላ ነው)። አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡርን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል። ከእርግዝናው ጋር በማይገናኝ ሕጋዊ ምክንያት ግን ሊያሰናብቱ ይችላሉ። ስለዚህ በዚህ ሰሞን እንዳታረፍጂ፣ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ከነደመወዙ።

የሐኪም ማስረጃሽን በደብዳቤ አስገቢ፣ ቀሪው ላይ ማህተም አስመቺ። በቃል ብቻ ነግሬያቸዋለሁ ማለት አያዋጣም። ካሰናበቱሽ ደግሞ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። የዳኝነት ክፍያ የለውም። አራስ ቤት ሆነሽ ቀኑ ሳታውቂው ይሮጣል፤ እኔ ገንፎዬን እየበላሁ ነው ጠበቃ ጋ የደወልኩት።