"ኮቹ ወዶኛል" ለምትሉኝ ልጆች

እንደምን ናችሁ ልጆች። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሃይስኩል ውስጥ ካውንስለር ሆኜ መስራት ከጀመርኩ ሃያ ምናምን አመት ሆነኝ፣ በየአመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል ከሀበሻ ልጆች አንድ ነገር እሰማለሁ፣ "ጋሼ፣ የእንትን ዩኒቨርሲቲ ኮች ወዶኛል፣ ኢሜይል ላከልኝ" ይሉኛል ፊታቸው በርቶ። እኔም ደስ ይለኛል። ከዛ "እስቲ አንብብልኝ" እላለሁ፣ ሲነበብ ብዙ ጊዜ የሰመር ካምፕ ጥሪ ነው፣ ራሳችሁ ከፍላችሁ የምትሄዱበት፣ ለስንትና ስንት ልጅ ባንድ ጊዜ የተላከ። ስማችሁ ከላይ ስለተፃፈ ኮቹ ያውቃችኋል ማለት አይደለም።

አንድ የማልረሳው ቤተሰብ አለ። አባት ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል፣ እናት ነርሲንግ ሆም ትሰራለች፣ ልጁ ሁለት ማይል ላይ ጎበዝ ነበር። አንድ ኮች ደውሎ "ስኮላርሺፕ አለህ" አለው፣ ልጁ ለቤተሰቡ ተረጎመ፣ በቃ ቤተክርስቲያን ተሰማ፣ ዶሮ ተሰራ፣ ዘመድ ተጠራ። ስንት ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ጁላይ ላይ ሂሳቡ ሲመጣ ስኮላርሺፑ የመፅሐፍና ትንሽ የትምህርት ክፍያ ነው የሚሸፍነው፣ ቀሪው በአመት ሰላሳ ምናምን ሺ ዶላር ከቤት ይጠበቃል። ኮቹ አልዋሸም፣ ስኮላርሺፕ አለህ ነው ያለው፣ አለው። ልጁን ለምን አልጠየቅክም ስለው "ጋሼ፣ ያሳፍራል እኮ፣ ትልቅ ሰው ደውሎልኝ ስለ ገንዘብ እንዴት አወራለሁ" አለኝ።

እኔ ይሄን ደብዳቤ የምፅፍላችሁ ለዚህ ነው። ያሳደጉን ሰዎች ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል፣ ገንዘብ አትጠይቅ ብለው ነው ያሳደጉን፣ እኔ ይሄን አስተዳደግ እወደዋለሁ፣ ልጆቼንም በሱ ነው ያሳደግኩት። ኮሌጅና ስፖርት ላይ ግን ይሉኝታ በጣም ውድ ነው፣ ሂሳቡን ደግሞ የሚከፍሉት እናትና አባታችሁ ናቸው።

መጀመሪያ ነገርየውን እንያዝ። ኮቹ፣ አድሚሽን ቢሮውና ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው የተለያዩ ናቸው። ኮቹ ሊፈልጋችሁ ይችላል፣ አድሚሽን ግን ግሬዳችሁን አይቶ አይሆንም ሊል ይችላል። ሁለቱም እሺ ብለው ብሩ ላይኖር ይችላል። "ወዶኛል" ስትሉኝ ገና አንዱ ጋር ነው ያላችሁት።

ብሩ እንዴት ነው የሚከፋፈለው ካላችሁ፣ ዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ውስጥ ለረጅም ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ለወንዶች ትራክና ክሮስ ካንትሪ ባንድ ላይ በ12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ልክ፣ ለሴቶች በ18 ልክ ነበር የሚፈቀድለት፣ ቡድኑ ውስጥ ሰላሳ አርባ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ኮቹ እንደ ዳቦ እየቆረሰ ነበር የሚያድለው። ስፖርተኞች ኤንሲ ደብል ኤን (የኮሌጅ ስፖርት የሚመራውን ድርጅት) ከሰው በ2025 በፍርድ ቤት የፀደቀው ስምምነት ይሄን የስኮላርሺፕ ገደብ አነሳና በሱ ፋንታ የሮስተር ገደብ፣ ማለትም አንድ ቡድን ስንት ልጅ መያዝ እንደሚችል የሚወስን፣ አመጣ፣ ስምምነቱ ውስጥ በገቡት ትምህርት ቤቶች ክሮስ ካንትሪ 17፣ ሶከር 28፣ ትራክ 45 ልጅ። ይሄ ሲሰማ ጥሩ ይመስላል ግን ትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ብር የማውጣት ግዴታ የለበትም፣ ድሮ "ያለ ስኮላርሺፕ ና፣ እናሻሽልሃለን" ይባል የነበረው ዎክ ኦን ልጅ ደግሞ ቦታው ጠቧል። በዛ ላይ በትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ስፖርተኞች የሚመዘገቡበት) ሁለት ሶስት አመት ኮሌጅ የሮጡ ልጆች ይመጣሉ፣ ከኬንያም ይመጣሉ፣ በ2024 የሴቶች ክሮስ ካንትሪ ያሸነፈችው የአላባማዋ ዶሪስ ሌምንጎሌ ኬንያዊት ናት። የምትወዳደሩት ከካውንቲያችሁ ልጆች ጋር ብቻ አይደለም። ኤንሲ ደብል ኤ ራሱ እንደሚለው ከሃይስኩል ስፖርተኛ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኘው 2 ፐርሰንት ገደማ ነው።

ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ብዙ የሀበሻ ቤተሰብ የማያውቀው ሌላ መንገድ አለ። ዲቪዥን ሶስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግም አይሰጥም፣ ወላጆች ይሄን ሲሰሙ "እንዴ ታዲያ ምን ያደርግልናል" ይላሉ። ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች በቤተሰብ ገቢ ልክ ይረዳሉ፣ ለምሳሌ ሃርቫርድ ከ2025 ጀምሮ የቤተሰብ ገቢ በአመት 100,000 ዶላርና ከዛ በታች ከሆነ ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም ነፃ ነው ብሏል። ያ ሁለት ማይል የሚሮጠው ልጅ ግሬዱ ጥሩ ስለነበር ምናልባት እንዲህ አይነት ቦታ ትንሽ ከፍሎ ይማር ነበር፣ ማንም አልነገረውም፣ እኔም በጊዜው አልደረስኩለትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እነዚህ ጋ ኮቹ ብር ባይሰጥም አድሚሽን ላይ ሊደግፋችሁ ይችላል፣ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በፊት ባለው ሰመር ትራንስክሪፕታችሁን ለአድሚሽን ሰጥቶ አስቀድሞ ያስነብባል፣ ፕሪ ሪድ ይሉታል። ስለዚህ ጥያቄው "ፕሪ ሪድ ታስደርግልኛለህ ወይ፣ ስሜንስ ለአድሚሽን ታስገባለህ ወይ" ነው። ፋፍሳን፣ ማለትም የመንግስት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፎርሙን፣ ደግሞ ኦክቶበር ላይ ሲከፈት ሙሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ይሞላል፣ አባዬ ደክሞታል ብላችሁ አታሳድሩት።

አሁን ስለ ክላስ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ወይ ከሌላ ቦታ ዘጠነኛ አስረኛ ላይ ለመጣችሁ። ዲቪዥን አንድ ለመጫወት 16 ኮር ኮርስ (ኤንሲ ደብል ኤ የሚቀበላቸው ዋና ዋና ትምህርቶች) ያስፈልጋል፣ በነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ፣ ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ማትና ሳይንስ። የኤስኤቲ ፈተና ከ2023 ወዲህ ለዚህ አይጠየቅም፣ ኮሌጁ ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ለዲፕሎማ የሚቆጠር ክላስ ሁሉ ኤንሲ ደብል ኤ ጋ አይቆጠርም፣ አንዳንድ የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ) ክላሶችም እንደዛው። ልጁ ተመርቆ ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ ከዛ ብቁ አይደለህም ሲባል አይቻለሁ፣ እናቱ ምን እንደሆነ እንኳን አልገባትም። ኢትዮጵያ የተማራችሁት የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ካለ እሱም ይጠየቃል፣ አጎት ወይ አክስት ትምህርት ቤቱ ሄደው ማህተም ያለበትን እንዲያወጡላችሁ ዛሬ ደውሉ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አብዛኛው የዲቪዥን አንድ ስፖርት ላይ ኮች ለእናንተ መፃፍ የሚችለው አስረኛን ከጨረሳችሁ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው፣ ከዛ በፊት ዝም ካለ ጠላኝ አትበሉ፣ ህጉ ነው። እናንተ ግን በማንኛውም ጊዜ መፃፍ ትችላላችሁ። አጭር ይሁን፣ የሩጫ ሰዓታችሁን፣ ጂፒኤያችሁን፣ ለምን እዛ እንደፈለጋችሁ። ከመፃፋችሁ በፊት የቡድኑን ውጤት እዩ፣ አንደኛውን ሯጭ ሳይሆን አምስተኛውን፣ ክሮስ ካንትሪ ላይ ነጥብ የሚያስቆጥሩት አምስት ናቸውና ከአምስተኛው ብዙ ካልራቃችሁ ኮቹ ያነባል። ኳስ ለምትጫወቱ፣ ኮች ልጅ የሚፈልገው በብዛት ክለብ ሾውኬዝ (ክለቦች ኮቾች እንዲያዩአቸው የሚጫወቱበት ውድድር) ላይ ነው፣ ጁላይ ላይ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን ፌስቲቫል ውድድር ለፍቅር ይሁን።

በቃል የተሰጠ ተስፋ ማንንም አያስርም። የራሴን ልጅ አንድ ኮች አስራ አንደኛ ክፍል እያለች "ቦታሽ ተይዟል" ብሏት ነበር፣ ሌሎቹን ሁሉ አመሰግናለሁ ብላ መለሰች፣ በሰመሩ ኮቹ ሌላ ስራ አገኘና ሄደ፣ የመጣችው ኮች ስሟንም አታውቀውም። እኔ ካውንስለር ሆኜ "በፅሁፍ ይሁን" አላልኩም፣ ጨዋ ሰው ነው ብዬ። እናንተ በሉ።

ያ ሁለት ማይል የሚሮጠው ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ እየሮጠ ሁለት አመት ተማረ። ከዛ ሌላ ኮች ሲፈልገው ቢሮዬ መጣና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። "በአመት በዶላር ስንት ነው፣ በየአመቱ ይታደሳል ወይ፣ በፅሁፍ መቼ ይደርሰኛል" ብሎ ሶስቱንም ጠየቀ። ኮቹ ምንም ሳይቀየም "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለና ቁጥሩን ነገረው። ልጁ ወረቀት ላይ ፃፈው፣ ከዛ ለአባቱ ደውሎ በአማርኛ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበለት።