መልስ፦ የዶሮ ኩስ በጥብጬ ለጫጩቶቼ ልስጥ ወይ?

ሰላም እህቴ። «ከጤነኛ ዶሮ አንጀት የሚገኝ ባክቴሪያ የጫጩት ተቅማጥ ይከላከላል ሲሉ ሰማሁ፤ የሐበሻ ዶሮዬን ኩስ በጥብጬ ባጠጣቸውስ?» ላልሽው፣ ወሬው እውነት ነው፣ ኩሱን ግን ተይው።

እናቱ ታቅፋ የፈለፈለችው ጫጩት ከእሷ ጋር ሲጭር ጥሩውን ባክቴሪያ አብሮ ይለቅማል። የማሽን ጫጩት ግን እናት አያውቅም፤ አንጀቱ ባዶ ቤት ነው፣ ሳልሞኔላ (ተቅማጥ የሚያመጣ ጎጂ ባክቴሪያ) ቀድሞ ከገባ ይወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነው ያሳዩት፦ ከጤነኛ አዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሳልሞኔላን ተቋቋሙ። እነ ላክቶባሲለስ (የእርጎ ዘመዶች ናቸው) ቦታውን ቀድመው ይይዛሉ፣ አሲድ እያመረቱም ጎጂውን ያዳክማሉ።

ኩስ ግን ኮክሲዲያም (አንጀት የሚጎዳ ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ)፣ ትልም፣ ራሱን ሳልሞኔላንም ይዞ ይመጣል። የተመረመረውን ፕሮባዮቲክ (ጥሩ ባክቴሪያ የያዘ ምርት) ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዢ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጪያቸው።

እኔ እዚህ ሐዋሳ ስጀምር ፕሮባዮቲኩን ክሎሪኑ አፍንጫ በሚወጋ የቧንቧ ውሃ በጥብጬው ነበር፤ ባክቴሪያውን ገድዬ አጠጣኋቸው ማለት ነው! አሁን ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድራለሁ። ከአንቲባዮቲክ ጋርም አንድ ላይ አትስጪ።

ለፈንግል አይሆንም፤ እሱ ቫይረስ ነው፣ ክትባቱን አትዝለዪ። ቂጣቸው ላይ ነጭ ኩስ የደረቀባቸውን ደግሞ ዛሬውኑ ለይተሽ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪ።