ደመወዝ ጨምረሽላቸውም ዴቨሎፐሮቹ ለምን ለቀቁ?

ጥያቄሽ ላመለጣቸው ባጭሩ፦ ከፋይናንስ ተዛውረሽ ሰባት ዴቨሎፐሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ያሉበት ቡድን ተሰጠሽ። ደመወዝ አስጨመርሽላቸው፤ ሁለቱ ግን ለቀቁ፤ የቀሩትም ፊታቸው አላማረሽም። ምን ቢደረግላቸው በፍላጎት እንደሚሰሩ፣ ስክሪን የሚከታተል ሶፍትዌር ማስገባትስ ያዋጣ እንደሆነ ጠየቅሽ። (አንቺ ማለቴን ከድፍረት አትቁጠሪብኝ፤ እዚህ ሁላችንም እንዲሁ ነን።)

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ኮድ ስጽፍ ኖሬ አሁን ቡድን እመራለሁ። ዴቨሎፐር አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎቱን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። ማንም ሳይከፍለው፣ መብራት ካልሄደበት በቀር እስከ እኩለ ሌሊት ኮድ ሲነካካ የሚያመሽ ሰው ነው። ስለዚህ ቢሮ ሲገባ ፍላጎቱን የሚያጠፋበት ምን እንደሆነ ብትፈልጊ ይሻላል። እኔ ያየሁት ምክንያት ይህ ነው፦ ስራው በዓይን አይታይም፤ አለቃ ደግሞ የሚታየውን ብቻ ይቆጣጠራል።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ለአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ሲስተም እየሰራን ነበር። «የወርሃዊ ክፍያው ቀን ይስተካከል» የምትል አጭር መልዕክት መጣች። ስራው የተሰጣት ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈችም። አለቃችን ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ስትስል ያገኛታል። «ቀን ለማስተካከል ሁለት ቀን?» አላት፣ ሁሉም እየሰማ።

ልጅቷ የያዘችው ጉዳይ ይህ ነበር። ተበዳሪው ክፍያውን የሚያውቀው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ደግሞ የፈረንጅ ቀን ነው። ሐምሌ 30 የከፈለ ሰው ቀጣዩ ነሐሴ 30 ነው። ከዚያስ? ጳጉሜ 30 የሚባል ቀን የለም። ወደ መስከረም 30 ብታሻግሪው በመሃል ያለው 35 ቀን ነው፤ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ደግሞ 36። የእነዚያ ቀናት ወለድ ይታሰባል ወይስ ይዘለላል? ጳጉሜ 3 ብድር የወሰደ ሰውስ ቀጣዩ ክፍያው መቼ ነው? በ2015 መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የዋለው፤ ኮዱ ውስጥ «አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11» ብሎ የቸከለ ሁሉ በአንድ ቀን ይስታል። ይህን ሁሉ ለይታ፣ ተቋሙ ምን እንደሚፈልግ ደውላ አረጋግጣ፣ በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብላ ጻፈችው። አንድ ገጽ አይሞላም። ሌላ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ጽፎ «ጨረስኩ» ይልና ጳጉሜ ሲመጣ ደንበኛው ይጮህ ነበር። ያ ሰው ግን ፈጣን ይባላል።

አለቃው ምን እንደፈጀባት አልጠየቃትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀቀች፤ የሄደችበት ቦታ ደመወዙ ያን ያህል የሚበልጥ አልነበረም። አሁን አንቺ ያሰብሽው ሶፍትዌር ያኔ ተጭኖ ቢሆን እነዚያን ሁለት ቀናት ስራ ፈት ብሎ ነበር የሚመዘግባት።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ1982 እ.ኤ.አ. አፕል ውስጥ ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር የሚሰራው ቡድን ኃላፊዎች ዴቨሎፐሮቹ በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፉ ፎርም እንዲሞሉ አዘው ነበር። ከዴቨሎፐሮቹ አንዱ ቢል አትኪንሰን የግራፊክሱን (ምስል የሚስለውን) አንድ ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ ስድስት እጥፍ ገደማ አፍጥኖታል፤ ኮዱም በ2,000 መስመር ግድም አጥሯል። ታዲያ ፎርሙ ላይ «−2,000» ብሎ ሞላላቸው። ትንሽ ቆይተው እሱን ፎርም መጠየቁን ተዉት።

የማይታየው ሌላው ነገር አለመበላሸት ነው። ከቴሌብርም ሆነ ከሌላ የክፍያ ሲስተም ጋር ስትገናኙ ኔትወርክ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። የክፍያ ማረጋገጫው ይዘገያል፣ ወይም ያው ማረጋገጫ ሁለቴ ይመጣል። ይህን አስቀድሞ አስቦ፣ ሁለተኛው እንዳይቆጠር አድርጎ የጻፈ ልጅ ስራው ድምፅ የለውም። ሳያስብ የጻፈው ደግሞ ሌሊት ተነስቶ ሰርቨር ሲያስተካክል ያድርና ጠዋት በስብሰባ ይጨበጨብለታል። የመጀመሪያው ልጅ ዝም ብሎ ያያል። እዚያ ቤት ምን እንደሚያስመሰግን ገብቶታል።

ስራው የሚያልቅበትን ቀን በተመለከተ አንቺ ከፋይናንስ ስለመጣሽ ቁጥር ማክበር ታውቂያለሽ፤ እዚህ ግን ቁጥሩ ሌላ ዓይነት ነው። «መቼ ያልቃል?» ብለሽው «ሦስት ሳምንት ገደማ» ያለሽን ለደንበኛ የማይናወጥ ቀን አድርገሽ ከነገርሽ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስድስት ይልሻል። እውነቱን ነው፣ እኔም እላለሁ። ግምቱን ስትቀበይ ምኑ ላይ እርግጠኛ እንዳልሆነ አብረሽ ጠይቂው፤ ለደንበኛው ከመናገርሽ በፊትም ለእሱ ንገሪው።

ከዘገየ ደግሞ ሰው ለመጨመር አትሩጪ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ኮድ ግን እንደ ሎሚ አይታደልም። በኮምፒውተር አምራቹ አይ ቢ ኤም የሲስተም/360 ኮምፒውተሮችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (መሠረታዊ ፕሮግራም) ስራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዛሬም ይሰራል፦ በዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው ስትጨምሪ ይብሱን ይዘገያል። አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሲነጋገሩ 10 ጥንድ ናቸው፤ አስር ሲሆኑ 45። በዚያ ላይ አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው ስራው የተጫነበት ሲኒየር ነው።

«አንዴ ላስቸግርህ» የሚሉ የቴሌግራም መልዕክቶችን ጠዋት ጠዋት አቁሚላቸው። ከሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ማንም አይንካቸው፤ ስብሰባ ካለ ከሰዓት ይሁን። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሞክሪው።

ገንዘብ አያስፈልግም የሚልሽን ግን አትስሚ። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ዴቨሎፐርሽ ለውጭ ኩባንያ በሪሞት (ካለበት ሆኖ) እየሰራ በዶላር የሚከፈለውን ጓደኛውን በየቀኑ ያየዋል፤ በዚያ መወዳደር አትችዪም፣ መጨመርሽ ግን ትክክል ነበር። የደመወዝ እርከናችሁ የሚያድገው አለቃ ለሆነ ሰው ብቻ ከሆነ እሱን አስቀይሪ። ጎበዝ ኮድ ጸሐፊን ያለ ፍላጎቱ ማናጀር ስታደርጊ አንድ ጎበዝ ዴቨሎፐር ታጪያለሽ፣ የተከፋ ማናጀርም ታተርፊያለሽ።

ሶፍትዌሩን አታስገቢ። ይልቅ የቀሩትን አምስቱን ለየብቻ ቡና ጋብዢና ባለፉት ወራት ሰርተውት ሳይወጣ የቀረ፣ ወይም መሃል ላይ «ተቀይሯል» የተባለ ስራ ካለ ጠይቂያቸው፤ ማን እንደቀየረውና ለምን እንደተቀየረ ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው እንዳለም ጭምር። ለለቀቁት ሁለቱም ደውዪላቸው። አሁን የሚፈሩሽ ነገር ስለሌለ በግልጽ ይነግሩሻል። ክሊራንሳቸው ካልተሰጣቸው ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሺላቸው።