ርካሹ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ሲሸጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ

በዝቅተኛ ዋጋ የሚታወቁ አየር መንገዶች ከአውሮፕላኑ ፊት ሰፋ ያለ ወንበር እየተከሉ ለሥራ የሚጓዘውን ሰው መሳብ ከጀመሩ ቆይተዋል። በዚህ ጉዳይ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሱቅ አለኝ፤ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ እመላለሳለሁ። ትኬት ቢሮው በፍላይዱባይ ቢዝነስ ክላስ ላድርግልዎት ወይ ይለኛል። ፍላይዱባይ ርካሽ አየር መንገድ አይደለም እንዴ? ቢዝነሱ የምር ነው ወይስ ከእጅ አይሻል ዶማ? (ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የምር ነው፤ ግን በሁሉም አውሮፕላን ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍላይዱባይ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር በቦይንግ 737-800 አውሮፕላኖቹ ላይ 189 የኢኮኖሚ ወንበር ብቻ ነበር። በ2013 ቢዝነስ ክላስ ጨመረ፤ 12 ወንበር፣ ሁለት በግራ ሁለት በቀኝ። ይህ ወንበር ሰፊ ነው፣ ወደ ኋላም ጥሩ አድርጎ ይለጠጣል፣ አልጋ ግን አይሆንም። ከ2017 ጀምሮ የገቡት 737 ማክስ 8 አውሮፕላኖች ደግሞ ሙሉ ለሙሉ የሚዘረጉ 10 ወንበሮች ይዘው መጡ። ዋጋው ተቀራራቢ ሆኖ ወንበሩ ሊለያይ ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ትኬት ቆራጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ «አውሮፕላኑ የትኛው ነው? ወንበሩስ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል ወይ?»

ከአዲስ አበባ ዱባይ አራት ሰዓት ያህል ነው። በቀን የሚበሩ ከሆነ የሚለጠጠው ወንበር ይበቃዎታል። ሌሊት ተጉዘው በማግስቱ ጠዋት ዴራ ገበያ የሚገቡ ከሆነ ግን የሚዘረጋው ልዩነት አለው።

ለእርስዎ ከወንበሩ ይልቅ ሻንጣው ሊበልጥ ይችላል። ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩት፦ በቢዝነስና በኢኮኖሚ ትኬት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ይያዙ፤ ቢዝነሱ በተጨማሪ የሚፈቅድልዎትን ኪሎ በአንድ ኪሎ ተጨማሪ ክፍያ ያባዙና ከልዩነቱ ይቀንሱ። ልዩነቱ 250 ዶላር፣ ተጨማሪው 10 ኪሎ፣ የኪሎው ዋጋ 12 ዶላር ቢሆን፣ 120 ዶላሩ በሻንጣ ይመለስልዎታል፤ ለወንበሩ የከፈሉት 130 ዶላር ብቻ ነው ማለት ነው። የኪሎውን ዋጋ ሲያሰሉ ግን አስቀድመው በኢንተርኔት ወይም በትኬት ቢሮ የሚገዙበትን ይውሰዱ፤ ኤርፖርት ላይ ሲመዘን የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ይበልጣል። አንድ ሻንጣም ከ32 ኪሎ እንዳያልፍ፤ ጠቅላላው ኪሎ ቢተርፍዎት እንኳ ከዚያ በላይ የሆነውን አብዛኞቹ አየር መንገዶች አይቀበሉም።

ሌላው ተርሚናሉ ነው። ፍላይዱባይ በዱባይ ኤርፖርት ከተርሚናል 2ም ከተርሚናል 3ም ይነሣል። ሁለቱ በማኮብኮቢያው በተቃራኒ ጎን ስለሆኑ በእግር መሻገር አይቻልም፤ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ መዞር ያስፈልጋል። ሲመለሱ የተሳሳተው በር ላይ ሻንጣ ይዞ መውረድ በረራ ያስመልጣልና ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ከሆቴል ከመውጣትዎ በፊት ይዩ።

ጥያቄ፦ የአቪዬሽን ማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። የርካሽ አየር መንገድ ትርፍ ብዙ ወንበር ጠቅጥቆ ከመጫን ይመጣል ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ ወንበር እየነቀሉ እንዴት ያተርፋሉ? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሒሳቡን በፍላይዱባይ 737-800 እንጀምር። 189 የነበረው 12 ቢዝነስና 162 ኢኮኖሚ ሆነ። 27 የኢኮኖሚ ወንበር ተነቅሎ 12 ተተክሏል፤ አንዱ ቢዝነስ የ2.25 ኢኮኖሚ ቦታ ያዘ ማለት ነው። የሕንዱ ኢንዲጎ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዴልሂና በሙምባይ መካከል «ስትሬች» ያለውን ክፍል ሲጀምር፣ 232 ሰው በሚይዘው ኤርባስ ኤ321 ኒዮ ላይ 12 ሰፋፊና 208 የኢኮኖሚ ወንበር አደረገ፤ እዚህ አንዱ የያዘው የሁለት ሰው ቦታ ነው። የሚዘረጋ ወንበር ግን የበለጠ ይፈጃል። የፍላይዱባይ ማክስ 8 ላይ 10 ቢዝነስና 156 ኢኮኖሚ ነው ያለው፤ ሁሉም ኢኮኖሚ ቢሆን ከሚይዘው 189 ጋር ሲነጻጸር 33 ወንበር ለ10 ተሰጥቷል። የአሜሪካው ጄትብሉ እ.ኤ.አ. በ2014 የሚዘረጋ ወንበር ያለውን «ሚንት» የተባለ ክፍል ሲጀምር 190 ሰው የሚይዘውን ኤ321 ወደ 159 አወረደው፤ 16 ለሚንት፣ 143 ለኢኮኖሚ። በአጭሩ የሚለጠጥ ወንበር የሁለት ሰው፣ የሚዘረጋ ወንበር የሦስት ሰው ቦታ ይበላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። «የሁለት ሰው ቦታ ከያዘ በሁለት ሰው ዋጋ ይሸጣል፣ በቃ» ይላል። የኢኮኖሚ ትኬት በአማካይ 100 ዶላር ነው ብለን እንየው። አውሮፕላኑ ግጥም ብሎ በሚሞላበት ቀን የተነቀሉት 27 ወንበሮች 2,700 ዶላር ያስገቡ ነበር። 12ቱም ቢዝነስ ከተሸጡ እያንዳንዳቸው በ225 ዶላር ኪሳራውን ይሸፍናሉ፤ ስድስቱ ብቻ ከተሸጡ ግን 450 ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ 150 ሰው ብቻ የሚሳፈርበትን ቀን ይውሰዱ። 150ው ሰው በ162 ወንበር ላይ ይበቃዋል። የተነቀሉት 27 ወንበሮች በዚያ ቀን ቢኖሩም ባዶ ይበሩ ነበር፤ ስለዚህ የወንበሩና የመስተንግዶው ወጪ እንዳለ ሆኖ የተሸጠው የቢዝነስ ትኬት ሁሉ ተጨማሪ ገቢ ነው። ወንበር ነቅሎ ማትረፍ የሚቻለው የሚነቀለው ወንበር በአብዛኛው ቀን ሰው የማይቀመጥበት ሲሆን ነው።

ስለዚህ ለጥናትዎ የዓመቱን አማካይ የመንገደኛ ቁጥር ይዘው አይሥሩ። የየቀኑን ይያዙና ከ162 በላይ መንገደኛ የተገኘበት ቀን ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። በእነዚያ ቀኖች የመጨረሻዎቹ ወንበሮች የሚሸጡት በ100 ሳይሆን በሁለትና በሦስት እጥፍ መሆኑንም ያስገቡ። በበዓልና በዕረፍት ሰሞን የሚጨናነቅ፣ በሌላው ጊዜ የሚሳሳ መስመር ላይ ውጤቱ ወዲያና ወዲህ የሚገለበጠው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ አየር መንገዶች በአጭር በረራ ወንበሩን ጨርሶ አይነኩትም፤ የመካከሉን ወንበር ባዶ ትተው መጋረጃውን እንደ ዕለቱ ሽያጭ ወደፊትና ወደኋላ ይገፉታል። የአየርላንዱ ርካሽ አየር መንገድ ራያንኤር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ቢዝነስ ፕላስ» ደግሞ የተለየ ሰፊ ወንበር አልነበረውም፤ የሚሸጠው በቀላሉ የሚቀየር ትኬትና ፈጣን የፍተሻ መስመር ነበር። ለሥራ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ በላይ የሚገዛው ጊዜውን መሆኑን ተረድቷል ማለት ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት በረራ ከሌለ ቆዳ ወንበር አይስበውም። በእኛ አመለካከት ኢንዲጎ በዴልሂና ሙምባይ መጀመሩ ትክክል ነበር፤ በዚያ መስመር በረራው በቀን ብዙ ስለሆነ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው አለ።

ከወንበሩ ውጭ ያለውን ወጪም አይርሱ። ርካሽ አየር መንገድ አውሮፕላኑን ባረፈ በ25 ወይም በ30 ደቂቃ መልሶ ማስነሣት ይፈልጋል። ትኩስ ምግብ ሲጨመር የምግብ መኪና ይመጣል፣ ዕቃ ይወጣል ይገባል። አውሮፕላኑ በቀን ስድስት ጊዜ ቢነሣና በየማረፊያው 10 ደቂቃ ቢጨመርበት አንድ ሰዓት ጠፋ፤ አንድ አጭር በረራ ከቀኑ ፕሮግራም ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል ደንቡ በየ50 ወንበሩ አንድ አስተናጋጅ ስለሚጠይቅ ወንበር መቀነስ አንዳንዴ ያተርፋል። ጄትብሉ በኤ320ዎቹ ላይ ከ156 ወደ 150 ሲወርድ አራት የነበሩት አስተናጋጆች ሦስት ሆነው ለመብረር በቁ፤ የተገኘውን ቦታ ደግሞ እግር መዘርጊያ ብሎ ሸጠው። 189ኙን 174 ማድረግ ግን በዚህ በኩል ምንም አያተርፍም፤ ሁለቱም አራት አስተናጋጅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ወንበሩን መቀየር ራሱ ከባድ ሥራ ነው ወይ? (የአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኝ)

መልስ፦ ወንበሩ ወለሉ ላይ ባለው ሀዲድ ላይ ስለሚታሰር መንቀሉና መትከሉ ፈጣን ነው። የሚያጓትተው ሌላው ነው። ረድፉ ሲንቀሳቀስ ከላይ ያለው የኦክስጅን ጭንብል፣ መብራትና የጥሪ ቁልፍ ሳጥን አብሮ መዛወር አለበት፤ ካልተዛወረ ጭንብሉ ሲወርድ ከመንገደኛው እጅ ይርቃል። የጭንብሉ ብዛትም ከወንበሩ ቁጥር ቢያንስ በ10 በመቶ መብለጥ አለበት። የፊተኛው ረድፍ ከፊቱ ግድግዳ ስላለ በግጭት ጊዜ ጭንቅላት እንዳይመታ ወይ ርቀቱ ይሰፋል ወይ የአየር ከረጢት ያለው ቀበቶ ይገጠማል። ወንበሩ የምድር ስበትን 16 እጥፍ የሚሆን የፊት ግፊት ችሎ መፈተን አለበት። የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፣ የወለል መውጫ መብራቱ ይስተካከላል፣ የአውሮፕላኑ ክብደትና ሚዛን እንደገና ይሰላል፣ ለውጡም በአቪዬሽን ባለሥልጣን ይጸድቃል። የወንበር ማጽደቁ ሂደት ስለሚዘገይ አውሮፕላኑ አልቆ ወንበር የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምኖረው። እዚህ ርካሾቹ ሁሉ «ከፊት ይቀመጡ» እያሉ ማስታወቂያ ያበዛሉ። ልዩነታቸው አልገባኝም። ወደ ዋሽንግተን ሄጄ ከዚያ አዲስ አበባ ለመብረር አስቤአለሁ። (አንባቢ፣ ከኮሎራዶ)

መልስ፦ በአንድ ስም የሚሸጡት ሦስት ዓይነት ዕቃዎች ናቸው። የመጀመሪያው ባዶ መካከለኛ ወንበር ነው፤ ፍሮንቲየር በ2024 «አፕፍሮንት ፕላስ» ብሎ ሲጀምረው ከፊት ሁለት ረድፎች ላይ መሐሉ ክፍት ይሆን ነበር፣ ወንበሩ ግን ያው ጠባቡ ነበር። ሁለተኛው እግር መዘርጊያ ነው፤ ሳውዝዌስት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 27 ቀን 2026 ጀምሮ ወንበር በቁጥር መመደብ ሲጀምር የሚሸጠው ይህን ነው፣ የወንበሩ ስፋት አይጨምርም። ሦስተኛው በእርግጥም የተለየ ወንበር ነው፤ እንደ ጄትብሉ ሚንት። ትከሻዎ ሰፊ ከሆነ ሁለተኛው አይጠቅምዎትም፤ ጉልበትዎ ከሆነ የሚያስቸግርዎት የመጀመሪያውን ከመግዛትዎ በፊት የእግር ቦታው ይሰፋ እንደሆነ ይጠይቁ።

ለእርስዎ የሚያሳስበን ግን ማገናኛው ነው። ርካሹን ለብቻ፣ የአዲስ አበባውን ለብቻ ከገዙ፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቅዎትም፤ ሌላ ትኬት የመስጠት ግዴታም የለበትም። ፊት ለፊት የተቀመጠም ሆነ ኋላ የተቀመጠ በዚህ እኩል ነው። «ዋሽንግተን» ተብሎ የተሸጠ ትኬት ባልቲሞር ወይም ሬገን ኤርፖርት ሊያወርድ ይችላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚነሣው ደግሞ ከደለስ ኤርፖርት ነው። ከባልቲሞር ደለስ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሻንጣዎንም ራስዎ ተቀብለው እንደገና ያስመዘግባሉ። አንድ ላይ የተቆረጠ ትኬት ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ከአንድ ቀን በፊት ይግቡ። በአሜሪካ ደንብ የከፈሉበትን ክፍል ከልክለው ወደ ኢኮኖሚ ካወረዱዎት የዋጋውን ልዩነት መመለስ አለባቸው። በዚያ አልሄድም ካሉ ደግሞ ሙሉው ይመለሳል፤ በክሬዲት ካርድ ከሆነ በ7 የሥራ ቀን፣ በሌላ ከሆነ በ20 ቀን ውስጥ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ስነሣ አውሮፕላን ተቀይሯል ተብዬ ከቢዝነስ ወደ ኢኮኖሚ ወረድኩ። 100 ዩሮ ቫውቸር ሰጡኝ። ይህ ነው መብቴ? (አንባቢ፣ ከጀርመን)

መልስ፦ አይደለም፤ ቫውቸሩን ገና ካልተጠቀሙበት አይንኩት። አንድ ዓይነት ወንበር በሌላቸው አውሮፕላኖች የሚሠራ አየር መንገድ አውሮፕላን በለወጠ ቁጥር ይህ ያጋጥማል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 አንቀጽ 10 መሠረት ከኅብረቱ ኤርፖርት ለተነሣ በረራ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን፣ ያለፈቃድዎ ሲወርዱ የትኬቱ ዋጋ በከፊል በ7 ቀን ውስጥ ይመለሳል። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 30 በመቶ፣ እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 50 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 75 በመቶ ነው። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ በረራ በኅብረቱ ውስጥ ከሆነ ግን፣ ከፈረንሳይ የባሕር ማዶ ግዛቶች በረራ በቀር፣ 50 በመቶ ይሆናል።

መቶኛው የሚሰላው በወረዱበት በረራ ዋጋ ላይ ብቻ ነው፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ወስኗል። በቢዝነስም በኢኮኖሚም እኩል የሚከፈል ግብርና የኤርፖርት ክፍያ አይገባም። የደርሶ መልሱ ትኬት ያለ ግብር 1,200 ዩሮ ቢሆንና ሁለቱ መንገዶች እኩል ቢረዝሙ የአንዱ 600 ነው፤ ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ከበለጠ 450 ዩሮ ይገባዎታል።

የመጀመሪያውን የቢዝነስ ማረጋገጫና የተሳፈሩበትን የኢኮኖሚ ቦርዲንግ ፓስ ሁለቱንም ይያዙ። ለአየር መንገዱ አንቀጽ 10ን ጠቅሰው፣ የበረራ ቁጥርና ቀን አስገብተው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ገንዘቡ በባንክ እንዲገባ ይግለጹ፣ ምክንያቱም ያለፊርማዎ ስምምነት በቫውቸር ሊከፍሉዎት አይችሉም። ሁለት ወር ካለፈ ወይም እምቢ ካሉ በጀርመን ለጉዞ ጉዳይ የተቋቋመው የሽምግልና መሥሪያ ቤት፣ ሽሊሽቱንግስሽቴለ ራይዘ ኡንት ፌርኬር፣ ከተጓዡ ክፍያ ሳይጠይቅ ያያል። በጀርመን ሕግ ጥያቄው የሚቃጠለው በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በሚቆጠር ሦስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የቆየ ጉዳይ ያለዎትም ቀኑን አይተው ዛሬውኑ ይጻፉ።